ላልሞተው ጎሚስታ የተተከለ ድንኳን

ከወልድያ ሥልጠና በተመለስኩ ማግስት ነው የሆነው። ሥልጠናው የአካባቢ አስተዳደር፣ ማንነት ላይ ያነጣጠረ ጥቃትን እንዴት ይከላከላል የሚል ነበር። ርዕሱ ከመርዘሙ የተነሳ ባነሩ ከግድግዳው ተርፎ የመጨረሻው ቃል መስኮቱ ላይ ታጥፎ ቀርቷል። እኔ መርሳ ከተማ በአንድ ቀበሌ የሰላምና ጸጥታ ባለሙያ ነኝ። ከሥልጠናው አንድ ቦርሳ፣ አንድ ኮፍያና «ባለድርሻ አካላት» የሚል ቃል ይዤ መጣሁ። ቃሉን በጣም ወድጄው ነበር። ቤት ገብቼ እናቴን «እንዴት ዋልሽ ባለድርሻ አካል» ብላት ምን ዓይነት ስድብ ተምረሽ መጣሽ ብላ ተቆጣችኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ሳቅ ያሸንፈኛል። ደስ ሲለኝ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር፤ ስደነግጥም እስቃለሁ፣ ለቅሶ ቤትም እስቃለሁ። እናቴ በሠፈራችን የታወቀች አስለቃሽ ናት፤ እሷ ግጥም ስትደረድር እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ እየጠቀጠቅኩ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ሰው መራራ ልቅሶ የማለቅስ ይመስለዋል። እሷ ግን ታውቀኛለች፤ ለቅሶ ቤት ከጎኗ አታስቀምጠኝም።

እና ያን ጠዋት ኮፍያዬን አድርጌ ቢሮ ስገባ ሊቀመንበራችን ስልኩን እያሳየኝ «ይኼን አይተሽዋል?» አለኝ። ቪዲዮ ነው። አንድ አይሱዙ መንገድ ዳር በእሳት ይነድዳል፤ ከላዩ ላይ የመርሳ ሾፌር በማንነቱ ተገደለ የሚል ተጽፎበታል። የሾፌሩም ስም ተጠርቷል። የምናውቀው ሰው ነው፤ ጤፍና ማሽላ የሚጭን፣ ሁሉንም ሰው «አብሽር፣ አይዞህ» እያለ የሚያልፍ የኛው ልጅ። ስልኩ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። ተገደለበት የተባለው ቦታ ደግሞ የጎሚስታው አገር ነው።

ጎሚስታው ከአስፋልቱ ዳር፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግን ሰው ነው። ከየት እንደመጣና ብሔሩ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ከጻፍኩት ገሚሱ አንባቢ ታሪኩን ትቶ ማን ምን አደረገ ወደሚለው ሒሳብ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ያን ሒሳብ ሰልችቶኛል። አማርኛው ጥሩ ነው፣ ዜማው ግን የኛ አይደለም። እኛ ወሎዎች ስናወራ ቃሉን እያባበልን ነው የምንሸኘው፤ እሱ መጨረሻው ላይ ጫን አድርጎ ይጥለዋል። አፉን ሲከፍት እንግዳ መሆኑ ይታወቃል። መርሳ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም፣ የስንቱን ጎማ ከመነዳሪ ቢለጥፍም፣ ቤቱ ገብቶ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የሠፈሩ ልጆች ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ተራው ጋ ተሰብስበው የጎሚስታውን ቤት ሊያቃጥሉ ነው ተባለ። እሱ ውስጥ ቢኖርስ ብዬ ጠየቅኩ። ወሬውን ያመጣው ሰው መሬት መሬት አየ። ያኔም ሳቅ መጣብኝ።

ሊቀመንበራችን ድሮ መናኸሪያ ውስጥ ስምሪት ይሠራ የነበረ ነው። ሲጨነቅ ድምፁ ያድግና መኪና የሚያስወጣ ይመስላል። ሄደን ጎሚስታውን በጓሮ በኩል ወደ ቢሮ አመጣነው። መጀመሪያ ሱቁን ልቆልፍ አለ፤ ቆለፈ። ቀጥሎ ይቺን ጎማ ሳላስረክብ አልሄድም አለ። የማን ናት ብንለው የአንድ ባጃጅ ነጂ ናት፣ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥሬዋለሁ አለ። ባጃጅ ነጂው የአክስቴ ልጅ ነው። ልጆቹን የሚሰበስበውም እሱ ነው። ቤት ሊያቃጥል የተዘጋጀ ሰው የገዛ ጎማው እዚያው ቤት ውስጥ እየተጠገነች መሆኗን ሳስብ ግድግዳ ይዤ ሳቅኩ። ጎሚስታው አልሳቀም። «እህቴ፣ አንድ ፒክአፕ ብቻ ፈልጉልኝ። ኮምፕረሰሬን ጭኜ ልሂድ» አለ። ወዴት ስለው «የትም» አለ።

ሊቀመንበሩ ለበላይ አካል ደወለ። «ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅታችሁ ሥሩ» ተባለ። ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞሮ «እነማን ናቸው?» አለኝ። ሠልጥኜ የመጣሁት እኔ ነኝና ማወቅ ነበረብኝ። ፖሊሶቻችን ጥቂት ናቸው፣ የነበሩትም ለገበያው ጥበቃ ግራና ከተማ ሄደዋል። ወጣት ማኅበሩ እንዳንል ወጣቶቹ እነዚያው ናቸው። ሰው ስብሰባ እንዳንጠራ የኛን ስብሰባ ማን ይመጣል? ቀበሌው ሲጠራ የሚመጣው ወንበሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ እናቴ የመጣችልኝ ያኔ ነው። «ቅሬውን እንጥራ» አልኩ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው፤ ለሙስሊሙ ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ለክርስቲያኑ ሙስሊሙ ድንኳን ይሸከማል። ጡሩምባ ሲነፋ ያልወጣ ሰው ቅጣቱን ከፍሎ ይገላገላል፣ ሐሜቱን ግን የልጅ ልጁም አይጨርሰው። እናቶች ጎሚስታው ደጅ ላይ ቢቀመጡ እናቱን ረግጦ የሚያልፍ ልጅ መርሳ አልወለደችም ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ እስካሁንም ያኮራኛል። ያላሰብኩት ሌላ ነው።

የቅሬው ዳኛ እህል የሚነግዱ ሼህ ናቸው። ሮጠን ሱቃቸው ደረስን። ነገሩን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን ያዙና «ያ ረቢ» አሉ። «ቅሬው ውስጥ አለ እንዴ ሰውየው?» አሉኝ። የለም። አንድ ጊዜ ሊገባ ጠይቆ ሁለት ዋስ አምጣ ተብሏል፤ ዋስ የሚሆነው አጣና ቀረ። ሼሁ ይህን ሲያስታውሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። «ይሁን፣ አብሽሩ» አሉና አንዱን ሰው ጠርተው «ሂድና ቅሬው ጎሚስታው ደጅ ይውጣ ብለህ ጡሩምባ አስነፋ» አሉት። እኔና ሊቀመንበሩ አመስግነን ወደ ቢሮ ተመለስን፤ ጎሚስታውን ብቻውን መተው ስላልፈለግን።

ጡሩምባ ነፊያችን የድሮ አውቶቡስ ረዳት የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጡሩምባ የነፉት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ይነፋሉ፣ የማን ደጅ እንደሆነ ይናገራሉ፣ ሰውም ይወጣል። ሞተ አይሉም፤ ማን ይጠይቃል፣ ደጁ ከተጠራ ሞቷል። ያን ቀንም እንደ ልማዳቸው ነፉ፣ እንደ ልማዳቸውም «ጎሚስታው ደጅ!» እያሉ ከላይ እስከ ታች ዞሩ።

እኛ ቢሮ ተቀምጠን ሻይ አስመጥተናል። የቢሮው ዘበኛ ራሱን እየነቀነቀ ገባ። «ያ ምስኪን ጎሚስታ ሞተ አሉ። ትናንት ሳንቲም እንኳ ሳይቀበለኝ ነው ብስክሌቴን...» ብሎ ቀና ሲል ጎሚስታው ብርጭቆውን ይዞ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ዘበኛው አማተበና ወደ ኋላው ወጣ። ጎሚስታው ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ገደሉኝ እንዴ?» አለ። ሊቀመንበሩ እኔን፣ እኔ ሊቀመንበሩን አየን። ያኔ ነው የገባን።

ስሮጥ ኮፍያዬ ወደቀ፣ አላነሳሁትም። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። የቅሬያችን ሰው ለሌላ ነገር እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። አግዳሚ እየመጣ ነው፣ ንፍሮ ተጥዷል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። እናቴ መሐል ላይ ናት። በሕይወቷ ጎማ አስጠግና አታውቅም፤ ግን ለቅሶ ለቅሶ ነው፣ ዘመድ የሌለው ሲሆን ደግሞ ይብስባታል።

«የሰው ጎማ ሲሞላ ኖሮ ኖሮ ደክሞ፣
የሱ ትንፋሽ አለቀ ብቻውን ታሞ»

ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ከድንኳኑ ጀርባ ደግሞ አካፋና ዶማ የያዙ ወንዶች ቆመው ይከራከራሉ። የት እንቆፍር ነው ጥያቄው። ለካስ ሰውየው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም የሚያውቅ የለም። አንድ ገበሬ «የኛ ነው፣ ሰላም ስለው ወአለይኩም ሰላም ይለኛል» ይላል። አንድ መካኒክ «እኔም እልሃለሁ፣ ታዲያ ልትቀብረኝ ነው? ሰውየው የኛ ነው፣ ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ ሲበላ አላየሁትም» ይለዋል። «ከሁዳዴ ውጭስ አይተኸዋል?» «አላየሁም።» «እንግዲያው ሥጋ አይወድም ማለት ነው፣ የኛ ነው።» ጭቅጭቁ እየጋለ መጥቶ ሊያያዙ ምንም አልቀራቸውም። ጠዋት ማንም ያልፈለገውን ሰው ከሰዓት በኋላ ሁለት ሃይማኖት ይሻማበታል። ንገሪያቸው እንጂ ይለኛል አንዱ ልቤ። ሌላው ልቤ ትንሽ ቆዪ፣ ይጣሉበት ይላል።

በዚህ መሐል የአክስቴ ልጅ ከነጓደኞቹ መጣ። አንዳንዱ ዱላ ይዟል፣ አንዱ ጀሪካን። ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «ማን ነው?» አለኝ። ጎሚስታው ነው ተብሏል አልኩት፤ ሞተ አላልኩም። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞሮ ጓደኞቹን አያቸው። «ማነው ከናንተ?» አላቸው። እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። «እኛ አልነካነውም፣ ወላሂ አልነካነውም» አለ ጀሪካን የያዘው፤ የጠየቀው ሰው ሳይኖር። ሊያደርጉት የመጡትን ተደርጎ ሲያገኙት ሊሸከሙት አልቻሉም። አዘንኩላቸው፣ ተናደድኩባቸውም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ መጣብኝ።

እናቴ ዕንባዋን ሳትጠርግ የእህቷን ልጅ አየችው። «አንተ፣ ምን ያስገትርሃል? አግዳሚ አምጣ። ያን ጀሪካን ለውኃ ውሰዱት፣ ሴቶቹ እየጠበቁ ነው» አለች። ዱላውን ጥሎ አግዳሚ ሊያመጣ ሄደ። ጀሪካኑን የያዘው ልጅ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ መናገር ስላልቻለ እንደ ሕፃን አቅፎት ቆመ።

ከውርጌሳ በኩል አንድ አይሱዙ እያነከሰ መጣ። የኋላ ጎማው ተኝቷል። ድንኳኑ አጠገብ ደርሶ ቆመ፣ ሾፌሩ ወረደ። ሞተ የተባለው ሾፌር ነው። ስልኩ መንገድ ላይ ውኃ ገብቶበት እንደተበላሸ በኋላ ነገረን። ስለ ቪዲዮው የሚያውቀው ነገር የለም፤ አይሱዙውም ደህና ነው፣ ከጎማው በቀር። ድንኳኑን አየና ራሱን ያዘ። «ኢና ሊላሂ! ማን ሞተብን?» ብሎ እዚያው ተንበርክኮ ያለቅስ ጀመር።

ሰው ሁሉ ሟች ሲያለቅስ ያይ ነበር። አንዲት ሴት ንፍሮውን ደፋች። እናቴ ግጥሟ መሐል ላይ ቆመች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሊቀመንበሩ ጎሚስታውን ከኋላዬ አምጥቶ ከሕዝቡ ጀርባ ይዞት ነበር፤ እስኪረጋጋ አትውጣ ብሎታል። ግን የተኛ ጎማ ፊቱ ቆሞ እንዴት ዝም ይበል? ክሪኩን ይዞ በሰው መሐል ሰንጥቆ ወጣ። «ብረት ይዘሃል? መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ እንጨት እናድርግ» አለ በዚያ ጫን ባለ አነጋገሩ። ሾፌሩ ዕንባውን እየጠረገ «ማን ሞቶ ነው?» አለው። ጎሚስታው ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ አካፋ የያዙትን ሁሉ አየና «እኔ ነኝ አሉ» አለ።

ያን ጊዜ የሳቅኩትን ሳቅ ዳግም የምስቀው አይመስለኝም። መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የሳቅኩት። ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ሴቶቹ በተዘቀዘቀ ነጠላ ሳቁ፣ ጡሩምባ ነፊው «እኔ መች ሞተ አልኩ?» እያሉ ሲምሉ ይበልጥ ሳቅን። ሼሁ መቁጠሪያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ሟቾች ጎማውን አብረው ፈቱ። ገበሬው ጠጋ ብሎ «ለማንኛውም፣ ሙስሊም ነህ ክርስቲያን?» ቢለው «እሱን ስሞት እነግራችኋለሁ» አለው።

ከዚያ ጎሚስታው እጁን በጨርቅ ጠረገና ፒክአፑ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሳቄ ቆመ። «ለምን? አለቀ እኮ» አልኩት። ኮምፕረሰሩን በሩ ላይ እየጎተተ ነው። «እህቴ፣ ዛሬ የወጣችሁት የሞትኩ መስሏችሁ ነው። ነገ በሕይወት እያለሁ ቢመጡብኝስ ማን ይወጣልኛል?» አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ያሉት የሥልጠና ወረቀቶች ለዚህ መልስ የላቸውም። ሊቀመንበሩ ስልኩን አውጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተ። እውነቱን ነው፤ አሳፈረን።

መልስ የሰጠችው እናቴ ናት፤ ያውም በቁጣ። «ስማ ልጄ፣ ከቀትር ጀምሬ ነው ያለቀስኩልህ። ድምፄ ዘግቷል። የት ነው ጥለኸኝ የምትሄደው? አውርድ ያን ብረትህን» አለችው። ሼሁ ተነሡ። «ዋስ አጥተህ ነው ውጭ የቀረኸው፤ ጥፋቱ የኛ ነው። እነሆ ቅሬው ደጅህ ላይ ተቀምጧል። ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን?» ብለው ዞር ዞር ብለው አዩ። ሾፌሩ በዘይት የተነከረ እጁን አነሣ። ሁለተኛው ጠፋ። እናቴ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ እህቷ ልጅ አዞረች። አግዳሚ ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆሟል። አግዳሚውን አወረደና «እኔ» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። ጎሚስታው ጎማዋን ከሱቁ አውጥቶ አቀበለው። ከዚያ «ጎማህ አልቃለች። ዘጠኝ ሰዓት ብዬህ ነበር፣ ለቅሶ ገጥሞኝ ነው» አለው።

ኮምፕረሰሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። የተረፈውን ንፍሮ በላን፤ ሟቹም በላ።

ሪፖርቱን ሊቀመንበሩ ጻፈ፣ «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት» ብሎ ጀመረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ነበር። አሁን ወሬ ሲነሣ ቢሮአችን ከሁሉ በፊት የሚደውለው ለቅሬ ዳኞቹ ነው፤ እነሱ ሾፌር ለሾፌር፣ ነጋዴ ለነጋዴ ደዋውለው እውነቱን ሳይመሽ ያጣራሉ። ከሌላ አገር መጥቶ ለሚሰፍር ሰው ዋስ የሚፈልግለት ደግሞ ቀበሌው ነው፤ ሥራዬ ውስጥ ተጨምሮልኛል። ሲሪንቃ ለስብሰባ ሄጄ ስለዚህ ስናገር አንድ ሰው ሞዴሉ ምን ይባላል አለኝ። ድንኳን አልኩት።

ጎሚስታውን ከዚያ ወዲህ መርሳ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ሟቹ ጋ ሂድና አስሞላ» ነው የሚባለው። እሱም በዚያው ስም አቤት ይላል። ጡሩምባ ነፊያችን ደረታቸው እምቢ ሲላቸው ቅሬው ተተኪ ፈለገ። የአክስቴ ልጅ ነው «ሟቹ ይሁን፣ ትንፋሽ አለው» ያለው። ሽማግሌው ቅር ቢላቸውም አስተማሩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የነፋው አንድ ጠዋት ነው። ፊቴን ስታጠብ ሰማሁት፤ አነፋፉ ገና ሻካራ ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ እያንዳንዱን ቃል መጨረሻው ላይ ጫን እያደረገ የሚጥለው የእንግዳ ድምፅ፣ ያን ቀን ሊያስገድለው የነበረው አነጋገር። በሮች ተከፈቱ። የአክስቴ ልጅ ሸሚዙን እየቆለፈ አለፈ፣ ሾፌሩ ከኋላው፣ ሼሁ በትራቸውን ይዘው። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፣ ከተማው ሁሉ ወደዚያ ድምፅ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ሳሙና በፊቴ ቆሜ አለቀስኩ፤ ማን እንደሞተ እንኳ ገና አልሰማሁም ነበር።